የግንቡ በር ቀኝ ጎን

ጡረታ የወጣሁት ጉልበቴ ዳገት እምቢ ሲል እንጂ እጄ ሲከዳኝ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኮተቤ ሰፈሬ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች «ጋሽ ተካ ደከመ» እያሉ ስለሚያወሩ ነው። ዛሬም መሮና መዶሻ ይሰጠኝና ተቀምጬ ልጥረብ። ከእኔ እኩል ቀጥ ያለ ጠርዝ የሚያወጣ ሰው በየካ ክፍለ ከተማ ካለ ይምጣና እንተያይ። እስካሁን የመጣ የለም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሮ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ላምበረት አካባቢ የመቃብር ድንጋይ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ተቀጠርኩ። እሱ በከሰል ይጽፋል፣ እኔ የጻፈውን ተከትዬ እቀርጻለሁ። የምቀርጸው ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። የሟች ቤተሰቦች ድንጋዩን ሊወስዱ ሲመጡ ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ የትኛው ምልክት የትኛው ድምፅ እንደሆነ በልቤ እይዛለሁ። እንዲህ እያልኩ በሙታን ስም ማንበብ ተማርኩ። ከዚያ ጋዜጣ፣ ከዚያም የታሪክ መጻሕፍት ቀጠልኩ። ዛሬ ስለ ድሮ ነገሥታት ከተሞች ከእኔ ጋር መከራከር የሚፈልግ ሰው ቁርሱን በደንብ በልቶ ይምጣ።

ወደ እንጦጦ ጋራ የወጣሁት አሮጌውን ግንብ የሚጠግን ድንጋይ ጠራቢ ይፈለጋል ሲባል ነው። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደሞዝ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ግንቡን ላላየ ሰው ልንገር። በጋራው አናት፣ በባሕር ዛፉ መሀል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚተኛበት ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ዙሪያውን ይሄዳል። በየማዕዘኑ ክብ ማማ ነበረው። አሁን አብዛኛው ከጉልበት አይበልጥም። የባሕር ዛፍ ሥር ገብቶ ያፈረሰው አለ፤ ገበሬው ለቤቱ መሠረት የወሰደው አለ፤ ውርጭና ዝናብ የበላው አለ። አንዳንዱ ሰው ፖርቱጋሎች ሠሩት ይላል፤ አንዳንዱ ቁመታቸው እንደ ዋርካ የሆኑ ሰዎች ሠሩት ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም፤ የድሮ ንጉሥ ያሠራው ነው። የመሮውን ምት አይቻለሁ። ተቀምጦ፣ ድንጋዩን በእግሮቹ መካከል ይዞ የጠረበ ሰው ምት ነው፤ እኔም የምጠርበው እንደዚያው ነው። ቁመቱም ከእኔ አይበልጥም ነበር።

በምዕራብ በኩል በሩ ነበረ። ስንደርስበት ሁለት ክምር ሆኖ ወድቋል፤ አንዱ የግራው ጎን፣ ሌላው የቀኙ። ከክምሩ ሥር አመድ አገኘን። የእንጨቱ መዝጊያ ተቃጥሎ ነው በሩ የወደቀው። ማን አቃጠለው ለሚለው ሊቃውንቱ ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የማውቀው እሳቱ ትልቅ እንደነበረ ነው።

እዚያ ያገኘሁት አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። በሕይወቴ «ይህ ሰው ይበልጠኛል» ብዬ የተቀበልኩት አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ይህም ቢሆን ጥቂት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ድንጋይ ከማንሳታቸው በፊት ጎንበስ ብለው በውሃ ያርሱትና እስኪደርቅ ቁጭ ብለው ያዩታል። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ዘግይቶ ይደርቃል፤ እሱን ነው የሚጠብቁት። ከዚያ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ ያደርጉታል። ጤነኛ ድንጋይ ይጮኻል፤ የታመመ ድንጋይ ድምፁ ውስጡ ይቀራል።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ሁላችንም ወደ ግንቡ ግቢ ስንገባ በቀረበን በኩል ዝቅ ያለውን ግድግዳ እንዘለዋለን። እሳቸው ግን በዝናብም ቢሆን ዞረው፣ በሩ ወደነበረበት ቦታ ሄደው፣ በሁለቱ ክምሮች መካከል ያልፋሉ።

«ጋሼ፣ ምን አደከመዎት? በዚህ ይዝለሉ እንጂ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቤት በበሩ ነው የሚገባው።»

«በሩ የታለ?»

«እሱን እንድታቆምልኝ አይደል የተቀጠርከው?»

እንግዲህ ሥራችን ያ ሆነ። ጋሽ ደምሴ በሩ ቆሞ በሥሩ ማለፍ ፈለጉ፤ እኔም ላሳልፋቸው ፈለግሁ። በጋውን ሙሉ ክምሩን ፈታን። የትኛው ድንጋይ ከየትኛው በላይ እንደነበረ ያወቅነው በእሳቱ ነው። የበሩ ድንጋዮች ወደ ውስጥ የዞረ ፊታቸው በእሳቱ ቀልቷል። ነበልባል ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኞቹ እንደ ሸክላ ቀይ ናቸው፤ የታችኞቹ ትንሽ ብቻ ነው የጠየሙት። ከፈዛዛው ወደ ደማቁ ብትደረድራቸው በሩ ራሱ ይነግርሃል። ይህን ዘዴ መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴም ከዚያ በፊት አውቀውት ይሆናል፤ ግን አልተናገሩም፤ ያልተናገረ ደግሞ አላወቀም።

ድንጋዮቹን አጥበን፣ ከእግር መንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ በረድፍ አስተኛናቸው። የግራውን ጎን በኖራ የመስቀል ምልክት አደረግንበት፣ የቀኙን ክብ። ሜዳውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደረቅና ደልዳላ ነው፤ መንገደኛም ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ሥራ ከታየ ምን ክፋት አለው? ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ሜዳ እመርጣለሁ።

ያን ዓመት ከጋራው ጀርባ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጥር እያስገነባች ነበር። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋዩ ከዳገቱ ሥር፣ በመንገዱ ዳር ይከመራል። ለንግሥ የሚወጣ ምእመን ለበረከት አንድ አንድ እየተሸከመ ያወጣል። ሽማግሌ ትንሽ ያነሳል፣ ጎረምሳ ትልቅ ያነሳል፣ ስእለት ያለበት ደግሞ ከአቅሙ በላይ ያነሳል። የንግሡ ቀን ሕዝቡ ብዙ ሆነና የታችኛው ክምር በጠዋት አለቀ። ከኋላ የመጣው ሰው «እኛስ ባዶ እጃችንን ልንወጣ ነው?» እያለ ሲሄድ፣ ሜዳው ላይ ታጥቦ፣ ተደርድሮ፣ መስቀል ተጽፎበት የሚጠብቅ ጥርብ ድንጋይ አገኘ።

እኛ በዓሉን ለማክበር ወደየቤታችን ወርደን ነበር። ስንመለስ ሜዳው ላይ ያለው የተጫነ ሣር ብቻ ነው፤ ድንጋዮቹ የተኙበት ቅርጽ በረድፍ በረድፍ ይታያል። እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ዘበኛውን ጠራሁት።

«ድንጋዮቹን ማን ወሰዳቸው?»

«ሕዝቡ ነው ጌታዬ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እኔም አንድ ይዤ ወጣሁ። ትልቁን ነው ያነሳሁት» አለኝ፤ የተመሰገነ መስሎት።

ሮጬ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሄድኩ። ግንበኞቹ ቸኩለው በሲሚንቶ አጥሩ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። የእኔ መስቀሎች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ዞረው ከተራ ድንጋይ መሀል ያዩኛል። መዶሻዬን አንስቼ ልጀምር ስል ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ደረሱ፤ እያለከለኩ ነበር።

«ተው።»

«ጋሼ፣ ገና አልጠነከረም። ዛሬ ካልሆነ ነገ አይለቅም።»

«ሰዉ ጾሞ፣ ጸልዮ ነው ያወጣው። ቀምተህ ልታወርደው ነው?»

«በሩስ?»

በአጥሩ ዙሪያ እየዞሩ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ነኩ። እንባ ይሁን ንፋስ አላውቅም፣ ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሐሳብ ይዤላቸው ቀረብኩ። «ምትክ ልጥረብ» አልኳቸው። «ልኩ በጭንቅላቴ አለ። ቀይ ፊቱን በእሳት አቀላዋለሁ፣ የመሮውን ምት እንደ ጥንቱ አደርገዋለሁ። ንጉሡ ራሱ ቢነሳ አይለየውም።»

«ታደርገዋለህ» አሉ። «አንተ ታደርገዋለህ። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ከተሰጠኝ ምስክር ወረቀት ሁሉ አስበልጬ እይዘዋለሁ። ሆኖም እምቢ ማለታቸው ነበር፤ በሩም ሳይቆም ቀረ። ጋሽ ደምሴ ሥራ እስኪለቁ ድረስ በሌለው በር ገብተው ወጡ። ሲያርፉ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ በጣም ቀላል ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። ጎንደር ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ። ዝዋይ ደሴት ላይ ጀልባ እያጥወለወለኝ ኖራ አጓጉዣለሁ። መንዝ ውስጥ አንድ የድሮ መኳንንት እልፍኝ ጣሪያው ሳይነካ መሠረቱን ቀይሬያለሁ፤ ያየ ይናገረው። አለቆችም ተፈራርቀውብኛል። አንዱ ጥላ ይዞ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነበር። ሌላው «ሲሚንቶ እያለ በኖራ ምን ያንቀረፍፈናል?» ብሎ ያዘዘ ነበር፤ ሲሚንቶው ውሃውን ውስጥ አስቀርቶ በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው እንደ ነፍሰ ጡር ሲያብጥ እሱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ነበር። የትም ስሄድ ግን፣ የማንንም በር ባቆም፣ ያ ሜዳ ይታየኝ ነበር። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን እወጣለሁ። ሰው ቅዳሴ ሲያስቀድስ እኔ በአጥሩ ዙሪያ እሄዳለሁ፤ ይሄ የግራው ጎን ከላይ ነው፣ ያ የቀኙ ነው፣ እያልኩ በሩን በልቤ አቆመዋለሁ። ኖራው ታጥቦ መስቀሉና ክቡ ጠፍቷል፤ የእሳቱ ቅላት ግን የትም አይሄድም።

አምና የደብሩ ገበዝ ስልክ ደወሉልኝ። ገበዝ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚያስተዳድሩት ካህን ናቸው። ግቢው ሊሰፋ ስለሆነ አሮጌው አጥር ይፈርሳል፣ አዲሱ በብሎኬት ይሠራል አሉኝ። «የእናንተን ድንጋዮች የምታውቃቸው ከሆነ ና ለይልን።» ምሳዬን ትቼ ነው የሄድኩት።

የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤታችን ሜሮን የምትባል ወጣት ባለሙያ ላከ። ከላምበረት ታክሲ ይዘን፣ የቀረውን በእግር ወጣን። እሷ እንደ ፍየል ትወጣለች፤ እኔ በየጥጉ «ይህን ቦታ ላሳይሽ» እያልኩ አርፋለሁ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ግን ተራው የእኔ ሆነ።

«ይሄ የግራ ጎን፣ ከላይ ሁለተኛው። ያ ከሥሩ። ይሄኛው የቀኙ ራስጌ።»

«ኖ ዌይ፣ ጋሽ ተካ። ይህን ሁሉ ዘመን አስታውሰው ነው?»

«አንቺ የእናትሽን ፊት ትረሺያለሽ?»

ሁለት ጊዜ አረመችኝ። ከሁለቱ በአንዱ ልክ ነበረች።

ሠራተኞቹ ድንጋዮቹን በመሮ እያላቀቁ ሲያወጡ፣ ቀኙ ጎን የሚጸናበት ድንጋይ ላይ ደረሱ። ከታች ሁለተኛው ነው፤ ረጅም፣ ጅራቱ ወደ ግድግዳው ውስጥ የሚገባና በሩን ከግንቡ ጋር የሚያስር። ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቀመጡት። በንግሡ ቀን ይህን ያህል ድንጋይ ያወጣው ምን ዓይነት ጎረምሳ ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስብ ነበር። አጠገቡ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት አሮጊት ተቀምጣ ነበር። ሠራተኛው መሮውን ሲያስጠጋ እጇን ድንጋዩ ላይ ጫነች።

«ይሄን አትንኩት።»

ቀረብኩና «እመት፣ ይህ የግንቡ ድንጋይ ነው» አልኳት። «ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነው።»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሊያሳስሩኝ ነው?»

የቆመው ሰው ሳቀ። ይህች ከሲታ አሮጊት ተሸክማው እንደወጣች ማመን ከበደኝ።

«ማሰሩ ይቅርና፣ የሰው ንብረት ለስእለት አይሆንም» አልኩ።

«የማን ንብረት ነው?»

«የንጉሡ።»

«የታለ ንጉሡ?»

«ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።»

«ታዲያ ሙት ላስፈቅድ ኖሯል? ደሞስ ንጉሡ ቢኖር ለእመቤታችን ይነፍጋት ነበር?»

ከሊቃውንት ጋር ቆሜ ነው የምከራከረው። እሷ አጠገብ ግን ተቀመጥኩ።

አስካለ ትባላለች። በወጣትነቷ ከጋራው ላይ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ትሸጥ ነበር። ልጅ እምቢ ብሏት ብዙ ዓመት ኖረች። ያን ቀን በእንጨት ገመዷ ይህን ድንጋይ በጀርባዋ አሰረችና ሳታሳርፍ ወጣች። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አድጎ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፤ ሩቅ አገር ተገልብጦ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ።

«መቃብሩን አላየሁትም» አለች። «የምመጣው እዚህ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን አየሁት። ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ ቅላቱን ብቻ ነበር የማየው። በቀዩ ፊት መሀል፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ፣ ድንጋዩ ለስልሶ ያበራል። ድንጋይ እንዲያ እንዲሆን ስንት ጊዜ መነካት እንዳለበት እኔ አውቃለሁ፤ ሌላ ማንም እዚያ የቆመ ሰው አያውቅም ነበር።

ሜሮን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሽ ተካ፣ ፈቃዱ እኮ አለን» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እሱ ከሌለ ቀኝ ጎኑ አይቆምም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ምትክ ይጠረባላ። እርስዎ ይጥረቡት።»

ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። እጄን በላኝ። ነገር ግን ድንጋዩ ጠፍቶ ቢሆን እጠርብ ነበር፤ አልጠፋም። ሰው በሕይወት እያለ ቦታው ላይ ሌላ አይቀመጥም።

«ይቅር» አልኳት። ይህን ቃል ስናገር አፌን መረረኝ።

እመት አስካለ ሰምታ ኖሮ «እኔ ሳልፍ ይውሰዱት» አለች። «ገበዙ ይመስክሩ።»

«እኔ ብቀድምስ?»

«እንግዲያ ይጸልዩ።»

«የማንን ሞት ልጸልይ?» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው፤ ጥርስ የላትም።

በጋው ሳያልቅ በሩን አቆምን። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አዝዣለሁ። ግራ ጎኑ እስከ ላይ ወጥቷል፤ ቀኙ አንድ ድንጋይ ላይ ቀርቷል፤ የቀሩት ድንጋዮቹ ሣሩ ላይ በተራቸው ተደርድረው ተኝተዋል። ወደ ጋራው የሚወጡ ጎብኚዎች ለምን እንዲህ ቀረ ብለው ሲጠይቁ፣ ጥበቃዎቹ በጀት አልቆ ነው ይላሉ። ሌላው ደግሞ የሚያውቀው ግንበኛ አርጅቶ ነው ይላል አሉ። ሁለቱም ውሸት ነው፤ ሁለተኛው ይብሳል።

የሥራ ዘመኔ የመጨረሻ ሥራ ግን በሩ አይደለም። የእመት አስካለን ድንጋይ አዲሱ የብሎኬት አጥር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቀዩን ፊት ወደ ውጭ አዙሬ፣ ስትቀመጥ እጇ በሚደርስበት ልክ፣ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ አይቼ። ብሎኬቱ ሁሉ በሲሚንቶ ነው የታሰረው፤ ያን አንዱን በኖራ ነው ያሰርኩት። ኖራ አጥብቆ ይይዛል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ሳያቆስል ይለቃል። እንዴት ያለ አቀማመጥ እንደሆነ ሄዶ ማየት ነው።

በየወሩ ጉልበቴን እየረገምኩ እወጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አገኛታለሁ።

«ዛሬም አለሁ» ትለኛለች።

«ይኑሩ።»

«በሩስ?»

«በሩ ወድቆ መጠበቅ ያውቅበታል።»